የሚደርቅ ልብስ ይመታኛል

በጠላት ዘመን ሰው ሁሉ የየራሱ ፍርሃት ነበረው። አንዱ አውሮፕላን ይፈራል፤ አንዱ ባንዳ ይፈራል፤ አንዱ ከደብረ ማርቆስ ምሽግ የሚተኮሰውን መድፍ ይፈራል። እኔ ሁሉንም በየተራ እፈራ ነበር። ፈሪ በሉኝ፣ ግድ የለኝም፤ «ፈሪ ለናቱ» ይባላል፣ እኔ ደግሞ ለእናቴም ለሚስቴም ተርፌ ይኸው ተቀምጬ አወጋችኋለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን የሚስቴን የታጠበ ቀሚስ ነበር።

ለመሳቅ አትቸኩሉ፤ ላስረዳችሁ።

እኔ የሚደርቅ ልብስ ይመታኛል። ማለት፣ ይመታኝ ነበር። ማለት፣ እሱ ነው እንግዲህ ወጉ። ልብስ በእንዶድ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ተሰጥቶ፣ ከእርጥብነት ወደ ደረቅነት ሲሄድ መሃል ላይ አንድ ሽታ አለው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ከገባ ማስነጠስ ነው፣ ዓይን ማልቀስ ነው፣ ራስ ምታት ነው፣ ከዚያ መተኛት ነው። ከተኙ ደግሞ አጥሚት ያስፈልጋል፤ ቅቤ ጠብ ያለበት ከሆነ ቶሎ ያሽራል።

ሚስቴ እናንየ ይህን በሽታ አንድ ቀን እንኳ አምናው አታውቅም። «ሰው ምች ይመታዋል፣ ቡዳ ይበላዋል፣ ነፋስ ያገኘዋል፤ ቀሚስ መታኝ ያለ ግን ካንተ በቀር ሰምቼ አላውቅም» ትለኛለች። እኔም «ቡዳስ መጀመሪያ የበላው ሰው ሲናገር ማን አመነው» እላታለሁ። በዚህ ስንጨቃጨቅ ኖርን።

አገሩን ለማያውቅ ደግሞ አንድ ነገር ልንገር። በእኛ ዘንድ ልብስ ማጠብ የወንድ ሥራ ነው። ሴት ትፈትላለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ልብሱን ተሸክሞ ወንዝ ወርዶ፣ የእንዶዱን አረፋ አስነስቶ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በእግሩ የሚረግጠው ግን ባል ነው። ሥራውን እንዲህ የደለደለውን ሰው ባገኘው የምነግረው ነበረኝ። እናንየ ደግሞ «አንዷን ነው የሰጠህ፣ እሷንም መለስህለት» ትላለች። ሴት ወንዝ ወርዳ ልብስ ስትረግጥ ከታየች አገር ያወራል። ወይ ባሏ ሞቷል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ደግሞ ባል ተብሎ የሚቆጠር አይደለም።

የበሽታዬን አመጣጥ ልንገራችሁ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ ለመስቀል፣ እንዶዱን ስወቅጥ ዱቄቱ አፍንጫዬ ገባና እስክንዘፈዘፍ ድረስ አስነጠሰኝ። ይህ እውነት ነው፤ የእንዶድ ዱቄት ጎበዙንም ፈሪውንም ያስነጥሳል። እናንየ ደነገጠች። አዲስ ሙሽራ ናት፣ ባሏ የሚሞትባት መሰላት። አጥሚት አፍልታ፣ በጋቢ ጠቅልላ አስተኛችኝ። ልብሱን ታናሽ ወንድሟ ላቀው መጥቶ አጠበልን። እኔም ጋቢው ውስጥ ሆኜ አጥሚቱን ፉት እያልሁ አሰብሁ። ክፉ ሐሳብ የሚመጣው ሲሞቅ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ከዱቄቱ አልፎ አረፋው መታኝ። በሦስተኛው የታጠበው ልብስ ራሱ መታኝ። በአራተኛው አጥር ላይ የተሰጣ የጎረቤት ነጠላ መታኝ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ከበደ። እውነቱን ልናገርና፣ ቆይቼ የቱ ላይ እውነቱ እንዳለቀ የቱ ላይ ውሸቱ እንደ ጀመረ ለራሴም ጠፋኝ። ማስመሰል አይደለም፣ ከልቤ አስነጥሳለሁ። አፍንጫዬና ስንፍናዬ እኔን ሳያስፈቅዱ ተስማምተው ነበር።

እናንየ ደግሞ ዝም ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም። አንድ ቀን ከደጅ ስገባ «ነጠላዬን አጥቤ ከራስጌህ ሰቅዬዋለሁ» አለችኝ። ወዲያው ሰባት ጊዜ አስነጠስሁ። «ይማርህ፣ ይማርህ» እያለች ሰባቱንም አጀበችኝ፤ እኔም «ያኑርሽ፣ ያኑርሽ» እያልሁ መለስሁ። ከዚያ ነጠላውን አውርዳ ጭኔ ላይ ጣለችው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያወለቀችው ነው፣ ውሃ ካየ ወር አልፎታል።

«ታዲያ ምኑ ነው የመታህ?» አለችኝ።

«ሐሳቡ» አልኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይማርህ» የሚለው ቃል በእሷ አፍ ስድብ ሆነ። እኔ ግን አልተበገርሁም። ላቀው በየሁለት ወሩ እየመጣ ልብሳችንን ያጥባል፣ እኔ አጥሚቴን እጠጣለሁ፣ ዓመታቱ ያልፋሉ። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ላቀው ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ። አገር አርበኛ አገኘ፣ እኔ አጣቢ አጣሁ። እናንየ የቀረውን ልብስ ጓሮ ተሸሽጋ በገበቴ ትለቀልቀው ጀመር።

በዚያ ላይ ትእዛዝ መጣ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጭቃ ሹሙ ድንጋይ ላይ ቆመና፣ ከዛሬ ጀምሮ አጥር ላይም ሣር ላይም ነጭ ልብስ የሚያሰጣ ሁሉ ለሽፍታ ምልክት እንደ ሰጠ ተቆጥሮ ቤቱ ይቃጠላል አለ። ምሽጉ ላይ አንድ መኮንን በመነጽር መንደራችንን ሲቃኝ ይውላል ተባለ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ራሴ ላይ የጠመጠምሁትን ነጭ ጨርቅ አውልቄ ጉያዬ እከታለሁ።

ልብስ ሁሉ ቤት ውስጥ መሰቀል ጀመረ። ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ገመድ ተወጠረ፤ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው ጭንቅላታችን ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ክረምት ነው፣ ደግሞ አይደርቅም። እኔ በሽታዬን አክብሬ ከጥጆቹ ጋር መዋል ጀመርሁ። እናንየም «ጥጆቹ ምን በደሉ» ትላለች።

እንቁጣጣሽ ሳምንት ሲቀረው፣ ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖ ሳለ፣ በጓሮ በር አንድ ጢማም ሰው ገባ። ላቀው ነው። የለበሰው ከአንድ የጣሊያን ወታደር፣ ከአንድ ሶላቶ የማረከውን ካኪ ኮትና ያንኑ የመሰለ ሱሪ ነው። ኮቱ ጭቃ ጠግቧል፣ ክንዱ ላይ ደም ደርቆበታል፣ የናስ ቁልፎቹ ብቻ ይታያሉ።

«ምነው በደህና?» አለችው እኅቱ።

«ቅማል ነው» አለ ላቀው። «ጣሊያንስ ሲደክመው ያርፋል፣ ይሄ ግን ዕረፍት የለውም። እጠቡልኝና ልሂድ።»

ችግሩ፣ ላቀው ሌላ ልብስ የለውም። ካወለቀ እስኪደርቅ መቆየቱ ነው። ቤታችን ውስጥ ቢገኝ እሱ ይሰቀላል፣ ቤታችን ይቃጠላል፣ እኛም ከቤቱ ጋር እንሄዳለን። ይህን ሦስታችንም አወቅነው። ጋቢዬን አውልቄ ሰጠሁት። ጠመንጃውን ጣራው ሣር ውስጥ ሸጎጥነው። ኮቱን እናንየ ገበቴ ውስጥ ብታደርገው ገበቴውን ሞልቶ ውሃውን ጥቁር አደረገው፣ ጭቃው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ መረገጥ አለበት» አለችኝ። «አንተ ውረድ። ለእንቁጣጣሽ ሲባል ወንዱ ሁሉ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ነው፣ አንድ ወንድ ተጨምሮ ቢረግጥ ማንም ዞሮ አያይም። ካኪውን ከጋቢው ሥር አድርገህ ትረግጠዋለህ።»

ነገሩ ሁሉ ልክ ነበር። አንድም የሚነቀስ የለውም።

«ይመታኛል» አልሁ።

«ዛሬም?»

«በሽታ ቀን አይመርጥም።»

ካኪውን ከገበቴው አንሥታ ጨመቀችው። ላቀው ጋቢዬን ተከናንቦ መሬት መሬት ያያል። «የላቀው ልብስ እኮ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። እኔ አስነጠስሁ። «ይማርህ» ሳትለኝ ቀረች፣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

አሁን ሁሉም ካለፈ ልንገራችሁ፤ ሽታው አልነበረም። ፈርቼ ነው። የሶላቶ ኮት ተሸክሜ ያን ቁልቁለት ስወርድ ታየኝ። ፈራሁ ከማለት ታመምሁ ማለት ቀለለኝ። እናንየ መቀነቷን አጥብቃ፣ የእንዶዱን ዱቄት በጨርቅ ቋጥራ፣ የቤቱን ልብስ ሁሉ በካኪው ላይ ከምራ ተሸከመችና ወጣች።

እሷ እስክትመለስ ያሳለፍሁትን ሰዓት አልመኝላችሁም። በሩ ስንጥቅ ላይ ዓይኔን ለጥፌ ቆምሁ። ላቀው ከኋላዬ ቆሎ ይቆረጥማል፤ ሞት የሚፈለግበት እሱ፣ የሚንቀጠቀጠው እኔ።

«ጋሼ፣ እውነት ይመታዎታል?» አለኝ መሃል ላይ።

«አንተስ ያን ሁሉ ዓመት ስታጥብ ምን ይመስልህ ነበር?»

«እኔማ እኅቴ ደስ እንዲላት ነበር የማጥበው» አለና ቆሎውን ቀጠለ።

እናንየ ከቀትር በኋላ ተመለሰች። እግሯ ተሰነጣጥቋል፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«ማን አየሽ?» አልኋት።

«ማን ያላየኝ አለ? አርባ ወንድ ተደርድሮ ሲረግጥ መሃል አንዲት ሴት። አንዱ ባልሽ ሞተ ወይ አለኝ። አልሞተም፣ ግን ቢሞት ይሻለው ነበር አልሁት።»

«ካኪውንስ?»

«እሱን ማንም አላየም። እኔን ነው ያዩት።»

ኮቱንና ሱሪውን ገመዱ ላይ ሰቀለች፤ ፊቱን በነጠላ፣ ጀርባውን በቀሚስ ጋረደችው። ከዚያ ሦስታችንም ልብስ ሲደርቅ መጠበቅ ጀመርን። እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። በየጊዜው እየተነሣን እጅጌውን እንጨምቃለን፣ ኪሱን እንዳብሳለን። ብብቱ አሁንም እርጥብ ነው። አንገትጌው አሁንም እርጥብ ነው። ጣሊያን ይህን የመሰለ ወፍራም ጨርቅ የሠራው እኛን ለመጨረስ አስቦ መሰለኝ። እሳቱ ላይ እንዳናቀርበው ጭሱ በጣራው ከበዛ ሰው ይጠይቃል፣ ውጭ እንዳናወጣው መነጽሩ አለ።

ማስነጠሴ? ያን ቀን ማን አስታወሰው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ጉሙ ገና ሜዳው ላይ ሳለ፣ ውሻችን ጮኸ። በስንጥቁ ባይ ሹምባሹ ሁለት ባንዳ አስከትሎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ሹምባሹ የሰፈሩ ባንዶች አለቃ ነው፤ አገሩ ከወንዙ ማዶ፣ የእኛው ሰው። ነገሩን ያበላሸው ይኸው የእኛ ሰው መሆኑ ነው። ጣሊያን ቢሆን ኖሮ ሴት ልብስ ብታጥብ ምን ይገርመዋል፤ በአገሩ የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው ይባላል። የእኛ ሰው ግን ወንድ ባለበት ቤት ሴት ወንዝ ስትወርድ ነገር እንዳለ ያውቃል።

ላቀው ጋቢዬን እንደ ለበሰ ጎታው ውስጥ ዘሎ ገባ። ጎታችን በጭቃና በጭድ የተሠራ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል የእህል ማኖሪያ ነው፤ የክረምት መጨረሻ ስለ ሆነ ከሥሩ ትንሽ ጤፍ ብቻ ቀርቶታል። እናንየ ሱሪውን ከኋላው ወረወረችለት፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ሰፌድና ወንፊት ደረደረችበት። ዞር ስንል ኮቱ እዚያው ተሰቅሏል። በደጅ ሹምባሹ አጥሩን ይነቀንቃል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባለውን ያን ቀን በጆሮዬ ሰማሁት።

እናንየ ኮቱን ከገመዱ ነጠቀችና አለበሰችው። ማንን? እኔን። ውሃው በጀርባዬ እየወረደ ቁልፎቹን እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ፣ በላዩ የበግ ጸጉር ባና ጣለችብኝና መደቡ ላይ ገፍታ አስቀመጠችኝ። ለምን ከላቀው ጋር ጎታው ውስጥ እንዳልጣለችው ለብዙ ዓመት ስጠይቃት ኖሬያለሁ። «አልመጣልኝም» ነው መልሷ። ለኔም አልመጣልኝም።

ሹምባሹ ገብቶ ከፊቴ ተቀመጠ። አንደኛው ባንዳ በሩ ላይ ቆመ፣ ሁለተኛው የቤቱን ዕቃ ያይ ጀመር።

«ታመሃል ሲሉ ሰምቼ ልጠይቅህ መጣሁ» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አልሁ። በሆዴ ግን «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» እላለሁ።

«ሚስትህ ትናንት ወንዝ ወርዳ ስትረግጥ ውላለች። ባል እያለ ሴት ወርዳ የምትረግጠው የማን ልብስ ቢሆን ነው?»

«የቤታችን ነው ጌታዬ» አለች እናንየ።

«አንቺን አልጠየቅሁም። አንተ ለምን አልወረድህም?»

ስንት ዓመት ያረባሁት ውሸት እዚያ መደብ ላይ ብቸኛ መሸሸጊያዬ ሆነ። «እኔ፣ የሚደርቅ ልብስ ይመታኛል። ያስነጥሰኛል» አልሁ።

ሹምባሹ ቀና ብሎ አየ። ጭንቅላቴ ላይ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ቀሚስና አንድ ኩታ ተንጠልጥለዋል። አንዱ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈ።

«ታዲያ አሁን ምነው አልመታህ? እስቲ አስነጥስ።»

ሰው ሁሉ አፍንጫዬን ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። ሳብ አደረግሁ፤ የለም። የኮቱን አንገትጌ በባናው ሥር ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤ የለም። ውሃ ያላየ ነጠላ ሰባት ጊዜ ያስነጠሰኝ አፍንጫ፣ እርጥብ ለብሼ እርጥብ ተከናንቤ እንደ ደህና ሰው አፍንጫ ጭጭ አለ። ጤነኛ መሆኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሹምባሹ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ያኔ እናንየ መሃል ገባች። «ጌታዬ፣ ይመታዋል» አለች። «ከሙሽርነቴ ጀምሮ አጥሚት ሳፈላ ነው የኖርሁ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ዝም ብዬ ነው እንጂ የሚሰቃየው ስቃይ! ዓይኑ ያለቅሳል፣ ራሱ ይፈለጣል። ከጥጃ ጋር የሚውለው ለምን ይመስልዎታል? በማርያም እምላለሁ፣ ይመታዋል።»

አፌን ከፍቼ አየኋት። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቃል ልታምነኝ ያልፈቀደች ሴት፣ እኔ ራሴ ከማምነው አብልጣ ስትሟገትልኝ። ዕንባዬ መጣ። ሹምባሹ ዕንባዬን አየና ትንሽ አመነታ። ከዚያ ወደ ታች አየ።

«ይሄ ውሃ ምንድን ነው?»

ከመደቡ ሥር ኩሬ ተጠራቅሟል። ኮቱ ነው የሚያንጠባጥበው።

እናንየ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። «ጌታዬን ሲያይ ፈርቶ ነው» አለች።

ባንዶቹ ሳቁ። እኔም አልካድሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ውሃው ሁሉ የኮቱ ነው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም።

ይህን ጊዜ ሁለተኛው ባንዳ ጎታው ዘንድ ደርሷል። ሰፌዱን አነሣ። ወንፊቱን አነሣ። «ይሄ ምን አለበት?» ብሎ ክዳኑን ያዘ። እናንየ ግን የተረፈው እንዶድ የተቋጠረበትን ጨርቅ ከግድግዳው አወረደችና «ይኸው፣ ካላመኑ ይዩት» ብላ ጭንቅላቴ ላይ አራገፈችው።

ከዚያ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። መጀመሪያ እኔ አስነጠስሁ። ቀጥሎ ሹምባሹ ቆቡ እስኪወድቅ አስነጠሰ። በሩ ላይ ያለው አስነጠሰ። ክዳኑን የያዘው ባንዳ ክዳኑን ለቆ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። ከዚያ ጎታው አስነጠሰ።

«ይማርህ» አለች እናንየ፣ ፊቷን ወደ ጎታው መልሳ።

ልማድ ነው። ሰው አስነጥሶ ይማርህ ሳይሉት ማለፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አፍ ቀድሞ ይለዋል። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ዐመድ መሰለ። እኔ ልጮኽ ነው ወይስ ልወድቅ ነው ስል፣ ጎታው ሥር ያጎነበሰው ባንዳ ለሱ የተባለ መስሎት፣ ዓይኑን እያሸ፣ «ያኑርሽ» አለ።

ጎታው ደግሞ ደገመ። አሁንስ እኔ ነቃሁ፤ የቻልሁትን ያህል እየጮኽሁ ማስነጠሴን አላቋረጥሁም። ከዚያ ቤት ያን ቀን ስንት ማስነጠስ እንደ ወጣ እግዜር ይወቀው፤ ሁለቱ ግን የጎታው ነበሩ።

«ውጡ፣ ውጡ» አለ ሹምባሹ ቆቡን እየፈለገ። «ይሄ ቤት የተመታ ነው።» ከአጥሩ ውጭ ደርሶ ዞር አለና «ሚስትህን ወንዝ አውርደህ አንተ መደብ ላይ ትሸናለህ። ወንድ ነኝ ትላለህ?» አለኝ።

«አልልም ጌታዬ» አልሁት። ከልቤ ነበር።

ላቀው ከጎታው ሲወጣ ጢሙ ሁሉ ጤፍ ሆኗል። «እኅቴ፣ ይማርህ ስትይ ያኑርሽ ልል አፌን ከፍቼ ነበር» አለ። ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። ኮቱን ላወልቅ ባናውን ስገልጥ እናንየ እጅጌውን ዳበሰችው። ብብቱን ዳበሰችው። አንገትጌውን ዳበሰችው።

«ደርቋል» አለች።

ከላብና ከፍርሃት የበለጠ እሳት የለም። ላቀው ሱሪውን እንደ ረጠበ፣ ኮቱን እንደ ሞቀ ለብሶ፣ ጠመንጃውን ከጣራው አውርዶ ጉሙ ሳይገፈፍ ወጣ።

እናንየና እኔ ብቻችንን ቀረን። አጥሚት እንድታፈላልኝ ልጠይቃት አልደፈርሁም። እሷ ግን ከፊቴ መጥታ ቁጭ አለች።

«በማርያም ምያለሁ» አለችኝ። «እውነት ከሆነ ስንት ዓመት ሙሉ የታመመ ሰው ሳሾፍበት ኖሬያለሁና ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ውሸት ከሆነ ማርያምን በሐሰት ጠርቻለሁና ንስሐ እገባለሁ። የቱ ነው?»

ይቅርታዋን ስንት ዓመት ስመኘው ነበር። እጄን ብዘረጋ የኔ ነው። እግሯን አየሁ፤ ጨሞጋ ዳር የተሰነጠቀው ተረከዝ ደም ይዞ ነበር።

«ውሸት ነው» አልሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአጥሚቱ ጀምሮ።»

«አውቃለሁ» አለችና ተነሣች። የነፍስ አባታችን አርባ ስግደት ሰጧት። ሃያውን እኔ ሰገድሁ።

ወሬው አማኑኤል ገበያ ድረስ ሄደ። «ልብስ የሚመታው ሰውዬ» ሆንሁ፤ ገበያተኛው ሲያየኝ ነጠላውን ያራግፍልኛል። ቤቱ የተመታ ነው ስለተባለ ግን ባንዳ ዳግመኛ ደጃችንን አልረገጠም፤ ላቀውም እስከ መጨረሻው ቅማሉን ይዞ እየመጣ ይሄድ ነበር። ልብሱን የምረግጠው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰኝም።

ጣሊያን ሲወጣ መጀመሪያ ነፃ የወጣው አጥራችን ነው። በዚያው በጋ የቤቱን ልብስ ሁሉ ጨሞጋ ወስጄ አጠብሁ፣ ተሸክሜ መጣሁ፣ ከዳር እስከ ዳር አሰጣሁት። ነጭ በነጭ ሆነ። እናንየ ወጥታ እንድታይልኝ ፈለግሁ። ቤት የለችም። ጓሮም የለችም። ዞር ዞር ብዬ ብፈልጋት ማሳው መጨረሻ፣ ድንጋይ ላይ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምነው?» አልኋት።

«ምንም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሽታው» አለች። «ሲደርቅ የሚወጣው ሽታ። ያ ባንዳ ክዳኑን ሲይዝ ይታየኛል። ሸሽቼ እወጣለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ አንተ እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው ያልነገርሁህ።»

ሰው ምች ይመታዋል፣ ቡዳ ይበላዋል፣ ነፋስ ያገኘዋል፤ ቀሚስ መታኝ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። ይህ ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እንደዚያ ያለ ምቹ ጊዜ ለባል በዕድሜው አንዴ ነው የሚሰጠው። እሷም እንደምለው አውቃ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ነፋሱ ከአጥሩ በኩል መጣና እናንየ አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አልኋት።

«ያኑርህ» አለችኝ።

ልብሱ እስኪደርቅ እዚያው ተቀመጥን።